የባጃጁን ማን ይክፈል?



ረመዳን ሲቃረብ በየዶርሙ የሰደቃ ወረቀት መዞር ይጀምራል። ዘንድሮም መዞሩ አይቀርም። ከመዞሩ በፊት ግን አምና በእኔ እጅ የተበላሸ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ነባሮቹ ያውቁታል፤ ይቅርም ብለውኛል። አዲስ ገቢዎች ግን ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከራሴ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የ1446ቱ ረመዳን ሲገባ የሰደቃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። የተመረጥኩበት ምክንያት ሌላ አይደለም፤ አካውንቲንግ ስለምማር ነው። ሥራችን በሲቀላና በሴቻ ለሚኖሩ 30 አቅመ ደካማ ቤተሰቦች የረመዳን አስቤዛ ማድረስ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት 10 ኪሎ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና ትንሽ ቴምር።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «እያንዳንዷ ሳንቲም ለተቸገሩት ትደርሳለች። ለሥራ ማስኬጃ አንድ ብር አይወጣም» የሚል ነበር። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። ያነበበውም ሁሉ ደስ አለው። በሦስት ሳምንት ውስጥ 38,400 ብር ተሰበሰበ። ከተማሪ ኪስ ይህን ያህል መውጣቱ ራሱ ይገርማል። አንዷ እህት ከቤት የተላከላትን ከፍላ ስትሰጠኝ «እርግጠኛ ነሽ አይደል፣ ሁሉም ይደርሳል?» አለችኝ። «ኢንሻአላህ፣ ሁሉም» አልኳት።

ከዚያ ዱቄቱ ተገዛ። 300 ኪሎ ዱቄት ደግሞ በራሱ እግር አይሄድም።

ከገበያው እስከ ማከፋፈያችን የባጃጅ፣ ከዚያ ወደ ሴቻ ዳገቱን የሚወጣበት ሌላ ባጃጅ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የፌስታልና የማዳበሪያ፣ የስም ዝርዝር ፎቶ ኮፒና የስልክ ካርድ ወጪ መጣ። ባጃጁ 1,100 ብር፣ ጫኝና አውራጁ 360፣ ማዳበሪያና ፌስታሉ 450፣ ፎቶ ኮፒውና ካርዱ 245። ድምሩ 2,155 ብር። ከተሰበሰበው ገንዘብ ከመቶ 6 እንኳ አይሞላም። ግን እኔ «አንድ ብር አይወጣም» ብዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ።

መጀመሪያ ከኪሳችን መክፈል ጀመርን። እኔ 405 ብር አወጣሁ። አብራኝ የምትሠራው እህት 250 ብር አወጣች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ጋ ምንም አልቀረም። 1,500 ብር ጎደለ። ባጃጆቹ ደግሞ ቆመው ይጠብቃሉ።

ያደረግኩት ይኸው ነው፤ በሂሳብ መዝገቡ ላይ ዱቄቱን በኪሎ 5 ብር አስወድጄ ጻፍኩት። 300 ኪሎ በ5 ብር 1,500 ብር ይሆናል። ሂሳቡ ልክ መጣ። ከገንዘቡ አንዲት ሳንቲም ወደ ኪሴ አላስገባሁም። እንዲያውም ከኪሴ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ሕሊናዬ ብዙም አልወቀሰኝም። ቃላችን እንዳይታጠፍ ብዬ ነው ያደረግኩት እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

ከዒድ በኋላ ሪፖርቱን ለጠፍን። በስብሰባው ላይ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ እናቷ ሲቀላ ገበያ ዱቄት ይሸጣሉ። «ዱቄቱን ከየት ነው የገዛችሁት? በዚያ ሳምንት እኮ እናቴ በኪሎ 5 ብር ቀንሳ ነበር የምትሸጠው» አለች። ክስ አልነበረም። ለሚቀጥለው ጊዜ በርካሽ እንድንገዛ አስባ ነው። እኔ ግን «ጥራቱ ይለያያል» ብዬ መለስኩ። ሁለተኛው ውሸት ይህ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ በቀላሉ መውጣቱ ነው ያስደነገጠኝ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያ የተባለው ሰው ታሪክ ሲመላለስብኝ አደረ። ሰውየው ሲመለስ ከያዘው ከፍሎ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ያ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። እኔ ስጦታ አልወሰድኩም። ግን በሰው አማና ላይ ሰው የማያየው ነገር ጽፌያለሁ። ልዩነቱ እንዳሰብኩት ሰፊ ሆኖ አልታየኝም።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ፣ ዱቄቱን ለማከማቸት ቤታቸውን ወደሰጡን አንድ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። በወጣትነታቸው ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ሙዝ እየጫኑ ይነግዱ ነበር፤ አሁን የሰፈራቸው እድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያም ሳቁ።

«ልጄ፣ ሙዝ እግር አለው እንዴ?» አሉኝ።

«የለውም።»

«ሙዝ ስነግድ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። የሙዙን ዋጋ እንጂ የመኪናውን፣ የአውራጁን፣ መንገድ ላይ የሚበላሸውን አይቆጥርም። ሁልጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል። በዓመቱ ከሰረ። ሰደቃም እንደ ሙዝ ነው፤ እግር የለውም። እግሩን ሰው ነው የሚከፍልለት። ጥፋትሽ ባጃጅ መክፈልሽ አይደለም። ጥፋትሽ ባጃጁን ዱቄት ማለትሽ ነው።»

ከዚያ የእድሩን መዝገብ አውጥተው አሳዩኝ። ሰፊ፣ ጠርዙ ያለቀ ደብተር ነው። ለቀስተኛ ቤት የሚሄደው በአንድ በኩል ተጽፏል። በሌላ በኩል ጥሪ ለሚያደርገው ሰው የሚከፈለው፣ የድንኳን ማስተከያው፣ የጋሪው፣ የደረሰኝ ማሳተሚያው በየዕለቱ ሰፍሯል። «ይኼን አይቶ የሚቆጣ የእድር አባል የለም» አሉ። «ሰው የሚቆጣው ያላየው ነገር ሲኖር ነው።»

አራት ዓመት ልማርበት የመጣሁትን ትምህርት እሳቸው በአንድ ደብተር አስተማሩኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ። ንግግሬ አጭር ነበር፤ ድምፄ ስለተንቀጠቀጠ ማስረዘምም አልቻልኩም። የጠየቀችኝን እህት በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝም ተባለ። አንድ ወንድም «ታዲያ ማስታወቂያው ውሸት ነበር ማለት ነው?» አለ። «አዎ» አልኩ። ሌላው ደግሞ «ለባጃጅ ብትሉኝ ኖሮ እኮ እሰጥ ነበር» አለ። ይህ ሁለተኛው ነው ይበልጥ ያመመኝ። ሰውን ሳንጠይቀው አይሰጥም ብለን ፈርደንበት ነበር።

ገንዘብ ያዥነቱን ልልቀቅ ስል አሚሩ «ከመልቀቅሽ በፊት መንገዱን አስተካክለሽ ልቀቂ» አሉኝ። ስለዚህ ከኡስታዛችን ጋር ተቀምጠን መማር ጀመርን። የተማርነውን ባጭሩ ላካፍላችሁ፤ ብዙዎቻችን የምናደናግረው ጉዳይ ነው።

የዘካ ገንዘብ የሚሰጣቸውን ስምንት ክፍሎች አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ላይ ዘርዝሯል። ድሆችና ምስኪኖች ከተጠቀሱ በኋላ በሦስተኛነት የመጡት ዘካውን ለመሰብሰብና ለማከፋፈል የሚሠሩት፣ ዓሚሎቹ ናቸው። ይህን ስሰማ ገረመኝ። የሥራ ማስኬጃ እኛ አፍረን የደበቅነው ነገር ነበር፤ በቁርአን ውስጥ ግን በግልጽ ድርሻ አለው። በሻፊዒ መዝሀብ ዘካው ለስምንቱ ክፍሎች ስለሚካፈል የዓሚሎቹ ድርሻ ከስምንት አንድ እጅ እንደማያልፍ ኡስታዙ አስረዱን። ከስምንት አንድ ማለት ከመቶ 12 ተኩል ነው።

ይህ ማለት ግን ማንም ሣጥን የያዘ ተማሪ ከዘካ ላይ ይቆርጣል ማለት አይደለም። ዓሚል ማለት ሥልጣን ያለው አካል የሾመው ሠራተኛ ነው። ሰው በራሱ ፈቃድ «ይህን ለድሃ አድርስልኝ» ብሎ የሰጠው ሰው ወኪል እንጂ ዓሚል አይደለም፣ ስለዚህ ከዘካው ለራሱም ለወጪውም መውሰድ አይገባውም የሚሉ ዑለማዎች አሉ። እኛ ወኪሎች ነን። የዘካቱል ፊጥር ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። የተሰፈረ እህል ነው፤ ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት። ከስፍሩ ለባጃጅ ብንቀንስ የሰጪው ግዴታ ይጎድላል።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከእርድ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሐጅ ጊዜ ዐሊይን (ረ.ዐ) የእርድ ግመሎቻቸውን እንዲቆጣጠሩ፣ ሥጋውንም ቆዳውንም በሰደቃ እንዲያከፋፍሉ አዘዟቸው። ለአራጁ ግን የሥራውን ዋጋ ከእርዱ ላይ እንዳይሰጡት ከለከሉ፤ ዋጋው ከሌላ፣ ከራሳቸው ወገን ይከፈል ነበር። አራጁ ያለ ዋጋ ይሥራ አልተባለም። ሥጋውን ያለ አራጅ እናከፋፍላለን አልተባለም። ዋጋው የታወቀ ነው፣ ከታወቀ ቦታ ይወጣል፣ ከተቸገሩት ድርሻ ጋር ግን አይቀላቀልም።

ሦስተኛው የዑመር (ረ.ዐ) ወቅፍ ነው። በኸይበር ያገኙትን መሬት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማክረው ወቅፍ ሲያደርጉት፣ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ፍሬው ለድሆችና ለሌሎች ተቸጋሪዎች ይሁን አሉ። የሚያስተዳድረው ሰው ግን ሀብት ሳያካብትበት በአግባቡ ቢበላ ኃጢአት እንደሌለበት በውሉ ላይ አስቀመጡ። ከ1,400 ዓመት በፊት የተጻፈ የሥራ ማስኬጃ አንቀጽ ነው። በየከተማችን በመስጂድ ዙሪያ ሱቆች ሠርቶ በኪራያቸው የመብራት፣ የውሃና የኢማም ወጪ መሸፈን ከዚሁ ሐሳብ የመጣ ነው። ሱቁ ወጪውን ሲሸከም ሰደቃው ሙሉውን ለድሃው ይሄዳል።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም የሚታገሉት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። በእንግሊዝ አገር አንዳንድ የሙስሊም የበጎ አድራጎት ድርጅቶች «100 ከመቶ ይደርሳል» ይላሉ። እንዴት ብዬ ስጠይቅ አንዱ መንገድ ይህ ሆኖ አገኘሁት፤ በዚያ አገር ግብር ከፋይ ሰው አንድ ፓውንድ ሲለግስ መንግሥት 25 ሳንቲም ይጨምርበታል፤ አንዳንዶቹ ድርጅቶች የሠራተኛ ደሞዝና የቢሮ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በዚያ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ወጪው ግን አልጠፋም፣ ከሌላ ኪስ ወጣ እንጂ። እኛ አርባ ምንጭ ላይ ያንን ቃል ኮርጀን ለጠፍነው፤ ሌላውን ኪስ ግን አላዘጋጀንም።

በአገራችን ሕግም ነገሩ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ይል ነበር። ሲተገበር ግን የሥልጠናና የመጓጓዣ ወጪን እንኳ ከአስተዳደር ጋር ስለቆጠረው ድርጅቶቹ ብዙ አማረሩበት። በ2011 ዓ.ም የተተካው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 ከመቶ አወረደው። ትርጉሙን ግን አጠበበው፤ አስተዳደራዊ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ድርጅቱ ራሱ እንዲቀጥል የሚወጣ ወጪ ነው። የእኛ ትንሽ ጀመዓ በዚህ አዋጅ የምትገዛ ድርጅት አይደለችም። ሆኖም ትርጉሙን ሳነብ ፈገግ አልኩ። በዚህ ሚዛን ዱቄቱን ወደ ሴቻ ያወጣው ባጃጅ አስተዳደራዊ ወጪ እንኳ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ነው። የደበቅኩት መደበቅ የማያስፈልገውን ነገር ነበር።

ይህን ስማር ሁለት የቆዩ ነገሮች ትዝ አሉኝ።

አንደኛው የጎፋው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መሬት ተንሸራቶ፣ ለማዳን የሮጡትን ጭምር ቀብሮ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ እኛ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበርን። ጎፋ ጎረቤታችን ነው፤ አንድ ዞን ሆነን የኖርን ሰዎች ነን። በዶርማችን ያለን ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ልብስ ሰበሰብን። ሦስት ማዳበሪያ ሞላ። ከዚያ ማዳበሪያዎቹ አልጋዬ ሥር ሰባት ቀን ተቀመጡ። ልብስ የሰጠ ብዙ ነበር፤ የሚያደርሰውን መኪና ዋጋ ልስጥ ያለ አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ለመጠየቅ አፈርን።

ሁለተኛው ከኮሚቴያችን የወጣችው እህት ናት። 250 ብር ከኪሷ አውጥታ የነበረችው። ከዚያ በኋላ «ፈተና ደርሶብኛል» ብላ ቀረች። እኔም በልቤ ትንሽ ታዝቤያት ነበር። ለካ አባቷ ሸማኔ ናቸው፤ 250 ብሩ ከቤት የተላከላት የወር ገንዘብ አብዛኛው ነበር። ያንን ወር ያለ ሳሙናና ያለ ኮፒ አሳልፋዋለች። «ወጪ የለንም» ማለታችን ወጪውን አላስቀረውም፤ ዝም በምትል ሰው ላይ ጫነው እንጂ። በዚህ ዓይነት ከቀጠልን ለአላህ ብሎ ማገልገል ከቤቱ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚላክለት ሰው ብቻ የሚችለው ነገር ይሆናል።

አንድ ሌላም አለ። ወጪ ለመቀነስ ብለን የየቤቱን ሁኔታ ሄደን አላየንም ነበር፤ የድሮውን ዝርዝር ብቻ ተከተልን። በኋላ ስንሄድ ሴቻ ዳገቱ ላይ ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት አገኘን። ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስማቸው ካለው ሰዎች አንዱ ግን ከተማውን ለቆ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ አስቤዛውን ጎረቤት ወስዶታል። አዲሷን እናታችንን «እማማ፣ እንዴት ሳናውቅዎት ቀረን?» ስንላቸው «የመጣ ሰው የለማ ልጆቼ» አሉን። አንድ የደርሶ መልስ ባጃጅ ነበር የጎደለን። ወጪ ማነሱ ብቻውን ሥራው ማማሩን አያሳይም።

በግንቦት መጨረሻ የመጣው የ2017ቱ አረፋ አዲሱን አሠራር የሞከርንበት ነው። ሣጥኖቹን ሦስት አደረግናቸው። አንደኛው ለተቸገሩት የሚሄድ ሰደቃ፤ ሁለተኛው ማድረሻ፣ ማለት የባጃጅ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የፌስታልና የአራጅ፤ ሦስተኛው ዘካ፣ እሱን ለሌላ ነገር ማንም አይነካውም። ከእያንዳንዱ ወጪ በፊት ሦስት ሰው ይፈርማል። ደረሰኝ የማይሰጥ ባጃጅ ከሆነ ቀኑ፣ መነሻና መድረሻው፣ የተከፈለው ገንዘብ ተጽፎ ሁለት የሄዱ ሰዎች ይፈርሙበታል። ወረቀቱ እንዳለ ይለጠፋል።

ሁለተኛውን ሣጥን እያዩ ያለፉ ነበሩ። «እኔ ለድሃ ነው የምሰጠው» ያለኝም አለ፤ መብቱ ነው። ግን 1,900 ብር ተገኘ። በሬው ታርዶ አራጁ እንደ ልማዱ ቆዳውን ለሥራው ዋጋ ሊወስድ ሲል፣ ዋጋውን ከሁለተኛው ሣጥን ከፈልነው፤ ቆዳው ከሥጋው ጋር ወደ ሰደቃው ሄደ። ጠቅላላ የማድረሻ ወጪ 1,740 ብር ሆነ፤ 160 ብር ለሚቀጥለው ተላለፈ። ሪፖርቱን ስለጥፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያቺ ዱቄት የምታውቀው እህት መጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ባጃጁ አሁንም ተወዷል» አለችኝ። አሁን የግዢ ኃላፊያችን እሷ ናት። ሸማኔው አባት ያሏት እህትም ተመልሳለች።

እኔ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፤ መዝገቡን አስረክቤያለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአምናው 1,500 ብር እንዳለ ተጽፏል፤ «ዱቄት» የሚለው ተሰርዞ «ባጃጅ» ተብሏል፣ ከጎኑ ፊርማዬ አለ። ገጹን ቀድደን በአዲስ እንገልብጠው ያለ ነበር። አይሆንም አልኩ። ለሚመጣው ገንዘብ ያዥ ከየትኛውም ምክር ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ረመዳን ሣጥኖቹ ሲዞሩ ሁለተኛውን አትለፉት። አሥር ብርም ብትሆን ጣሉበት። የአንድ ሰው ኢፍጣር ዳገቱን የሚወጣው በእሷ ነው። ሪፖርቱ ሲለጠፍ ደግሞ ቆማችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። ጠያቂ ያለው ገንዘብ ያዥ ከፈተና የተጠበቀ ነው፤ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

አላህ የሰጠውንም ያደረሰውንም ይቀበል፤ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከእህቶች ዘርፍ፣ የ4ኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ